የጋራ ግምገማ ከሐዋሳ ሆኖ መምራት፦ ከስምምነት ወረቀት እስከ መጨረሻው ሪፖርት

አራት አምስት የዕርዳታ ድርጅቶች አንድ አደጋ ላይ አብረው ይሠራሉ። «ግምገማውንም አብረን እናድርገው» ይባላል። በመክፈቻው ስብሰባ ላይ አንዱ «ድር ቢያብር» ይላል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ሁለተኛው ስብሰባ ላይ ግማሹ ሰው አይመጣም። ከወራት በኋላ የሚወጣው ወይ አምስት ሪፖርት በአንድ ሽፋን ተጠርዞ ነው፣ ወይ ማንም እንዳይቀየም ተብሎ ሲቆረጥ ሲቆረጥ «ቅንጅቱ ይበልጥ ሊጠናከር ይገባል» የሚል ብቻ የቀረለት ሰነድ ነው።

ይህ የሚሆነው መስክ ላይ በሚሠራ ስህተት አይደለም። ማን እንደሚወስን፣ ማን እንደሚከፍልና በሪፖርቱ ላይ የማን ስም እንደሚጠራ ሳይጻፍ ወደ መስክ ስለሚወጣ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ዝግጅቱ ላይ ይረዝማል፣ ትንተናው ላይ ያጥራል። ከመጀመሪያው ስብሰባ እስከ መጨረሻው ሪፖርት አምስት ወር ያዙ። «በስድስት ሳምንት እንጨርሳለን» የሚል ካለ የግዥ ክፍላችሁን አያውቀውም።

ደረጃ 1፦ የጋራ መሆን አለበት ወይ?

በመጀመሪያ ሦስት ነገር አረጋግጡ። ድርጅቶቹ በአንድ ወቅት፣ ቢያንስ በከፊል በአንድ ቀበሌ፣ ለአንድ ዓይነት ተጎጂ ሠርተዋል? ከዚያ የእያንዳንዱን ድርጅት ኃላፊ ይህን ዓረፍተ ነገር በጽሑፍ እንዲያሟላ ጠይቁት፦ «ግምገማው … ካሳየን፣ እኛ … እንቀይራለን»። መሙላት ያልቻለ ድርጅት ግምገማውን የሚፈልገው ለለጋሹ ለማሳየት ብቻ ነው። እንዲህ ያሉት ከግማሽ በላይ ከሆኑ የጋራ ግምገማውን ተዉት። እያንዳንዱ የራሱን ይገምግም፣ መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ተቀምጣችሁ ውጤት ተለዋወጡ። ርካሽም ነው፣ ሐቀኛም ነው።

የአደጋው ምላሽ፣ ማለትም ዕርዳታው፣ ገና እየተሰጠ ከሆነ ደግሞ ሙሉ ግምገማ አትጀምሩ። በሁለት ሦስት ሳምንት የሚያልቅ፣ ውጤቱ እዚያው ሥራውን የሚያቃና አጭር ግምገማ ይበቃል።

በኦቻ (የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ) አስተባባሪነት በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችና በአጋሮቻቸው ደረጃ የሚካሄደው ግምገማ ከዚህ ይለያል። አገራችን ላይ የድርቅ ምላሹ ተገምግሞ ሪፖርቱ በ2019 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፣ የሰሜኑም ቀውስ ምላሽ እንዲሁ ተገምግሟል። ሁለቱንም አውርዳችሁ ጥያቄዎቹ እንዴት እንደተቀረጹ ተመልከቱ። ስፋታቸውን ግን አትኮርጁ፤ የእናንተ አቅም ለሦስት ወረዳ ነው።

ደረጃ 2፦ የስምምነት ወረቀት

ከሁለት ገጽ አይብለጥ። የሐዋሳ ቅርንጫፍ ኃላፊ ፊርማ ብቻውን አይበቃም። ገንዘብ የሚያዝዘው አዲስ አበባ ያለው ዋና መሥሪያ ቤት ስለሆነ ከዚያ ይፈረም። ይህን ዘልላችሁ ከጀመራችሁ በሦስተኛው ወር «ዋናው ቢሮ አላጸደቀውም» የሚል ኢሜይል ይደርሳችኋል።

ወረቀቱ ላይ የሚከተሉት ይጻፉ።

1. መሪ ድርጅት። ውል የሚፈርመው፣ ክፍያ የሚፈጽመው እርሱ ነው። ትልቁን ድርጅት አትምረጡ፤ ትልቁ ሲመራ ሌሎቹ እንደ እንግዳ ይቀመጣሉ። ግዥው ፈጣን የሆነውን ምረጡ። የአስተባባሪ ኮሚቴው ሰብሳቢ ደግሞ ከሌላ ድርጅት ይሁን።

2. ኮሚቴ። ከየድርጅቱ አንድ ሰውና አንድ ተተኪ። ተተኪው ከተገኘ ሙሉ ድምፅ አለው፤ «አለቃዬን ልጠይቅ» ተቀባይነት የለውም።

3. የዝምታ ደንብ። ለአስተያየት የተላከ ሰነድ በተባለው የሥራ ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘ እንደጸደቀ ይቆጠራል። ለአጭር ሰነድ 3 ቀን፣ ለረቂቅ ሪፖርት 10 ቀን። ከዚህ ሁሉ አንድ ደንብ ብቻ ምረጡ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

4. ገንዘብ። ድርሻው እኩል ይሁን ወይስ በፕሮጀክቱ መጠን? ሁለቱም ይሠራል፣ ግን ይጻፍ። ቫቱንና ከአማካሪው ላይ የሚቀነሰውን ቅድመ ግብር ማን እንደሚይዝ ጨምሩ። ድርጅቶቹ ቢያንስ ግማሹን ድርሻ ከአማካሪው ውል በፊት ለመሪው ያስገቡ። የአንዱ ፕሮጀክት በመካከል ከተዘጋ በጀቱ ወደ ለጋሹ ይመለሳል፣ ቀዳዳውን የሚደፍነው መሪው ይሆናል።

5. ውሎ አበል። መስክ ላይ የሚወጣ ሰው ሁሉ፣ ከየትም ድርጅት ይምጣ፣ አንድ ተመን። የወረዳ ባለሙያም ካለ ለእርሱ የሚከፈለው አንድ ይሁን። በአንድ መኪና ሄደው፣ አንድ ቤት አድረው፣ በየኪሳቸው የተለያየ ገንዘብ ይዘው የሚመለሱ ሰዎች መረጃ አብረው አይሰበስቡም።

6. ስም መጥራት። ሪፖርቱ ድርጅቶችን በስም ይጠቅሳል ወይስ አይጠቅስም? እኔ የምመክረው ይህን ነው፦ ለሕዝብ የሚወጣው ሪፖርት የጋራ ግኝቱን ብቻ ይይዛል፣ ለእያንዳንዱ ድርጅት ደግሞ ሁለት ሦስት ገጽ የራሱ የሆነ የግል ማስታወሻ ይሰጠዋል። በስም እንጥራ ካላችሁ ግን ለምስጋናም ለነቀፋም እኩል ይሁን። ምስጋናው በስም፣ ነቀፋው «አንዳንድ ድርጅቶች» ከሆነ አንባቢው ወዲያው ይገባዋል።

7. መውጫ። አንድ ድርጅት በመካከል ቢወጣ ያስገባው ገንዘብ አይመለስም፣ እስከዚያ የተሰበሰበው መረጃም ከጋራው አይወጣም።

ሲበላሽ፦ አንድ ድርጅት መፈረም ቢያዘገይ ቀን ቆርጣችሁ ያለ እርሱ ቀጥሉ። በታዛቢነት ይቀመጥ። አምስቱንም ለመጠበቅ ሲባል የተሰረዙ ግምገማዎች፣ በሦስት ድርጅት ተጀምረው ካለቁት ይበዛሉ ብዬ አምናለሁ።

ደረጃ 3፦ ቢጋሩ

ቢጋር የግምገማውን ዓላማና ጥያቄዎች የሚዘረዝረው ሰነድ ነው። ትልቁ በሽታው ጥያቄ መብዛት ነው። እያንዳንዱ ድርጅት አራት አራት ጥያቄ ሲጨምር ሃያ ይደርሳል፣ ሃያ ጥያቄ ያለው ግምገማ ደግሞ አንዱንም አይመልስም።

ለሰብዓዊ ምላሽ የተለመዱት መስፈርቶች ሰባት ናቸው፦ ተገቢነት፣ ተደራሽነት፣ ውጤታማነት፣ ቅልጥፍና፣ ወጥነት፣ ከረጅም ጊዜ ሥራ ጋር ያለው ትስስርና ለውጥ። ሰባቱንም አትጫኑ። ለጋራ ግምገማ ከሁሉ የሚጠቅሙት ተደራሽነትና ወጥነት ናቸው። ማን ቀረ? የት ተደራረብን? ይህን አንድ ድርጅት ብቻውን ሊመልሰው አይችልም። ቅልጥፍናን ግን ብትተዉት ይሻላል፤ የአምስት ድርጅት የሒሳብ አያያዝ አይገጥምም፣ ፋይናንሶቹም አያሳዩም።

አጠቃላይ ጥያቄው ከአምስት አይብለጥ። ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን «መልሱን የሚጠቀምበት ማን ነው፣ ለየትኛው ውሳኔ?» የሚል ዓምድ አስገቡ። ዓምዱ ባዶ የሆነበት ጥያቄ ይውጣ።

መለኪያውንም እዚሁ አንድ አድርጉ። አንዱ ድርጅት ውኃን በተከፋፈለ ጀሪካን ቁጥር፣ ሌላው በሊትር ከለካ መጨረሻ ላይ የሚደመር ነገር የለም። የዕርዳታ ድርጅቶች በዓለም ደረጃ የሚጠቀሙበትን የስፌር ዝቅተኛ መለኪያ የጋራ ሚዛን አድርጉት፦ በቀን ለአንድ ሰው 15 ሊትር ውኃ፣ እስከ ውኃ ቦታው ከ500 ሜትር ያልበለጠ ርቀት፣ ከ30 ደቂቃ ያልበለጠ ወረፋ፣ ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ፣ ለአንድ ሰው 3.5 ካሬ ሜትር መጠለያ።

ደረጃ 4፦ ደብዳቤና ማኅተም

ብዙ ቡድን የሚወድቀው እዚህ ነው። ሐዋሳ የደቡብ ክልል መቀመጫ በነበረችበት ጊዜ አንድ የድጋፍ ደብዳቤ ከጌዴኦ እስከ ጋሞ ያስኬድ ነበር። አሁን አይሆንም። ሲዳማ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ራሱን የቻለ ክልል ነው፣ ሐዋሳም የእርሱ ዋና ከተማ ናት። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ጌዴኦ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ነው። የዚያ ክልል ቢሮዎች በወላይታ ሶዶ፣ በአርባ ምንጭ፣ በዲላና በሌሎችም ከተሞች ተከፋፍለዋል። ሐዋሳ ላይ የታተመ ደብዳቤ ይዛችሁ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድታችሁ ዲላ ብትገቡ የዞኑ ባለሙያ በትሕትና ይመልሳችኋል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. ጥናቱ የሚነካቸውን ክልሎች፣ ዞኖችና ወረዳዎች ዘርዝሩ።
2. ለየክልሉ አደጋ ስጋት ሥራ አመራር መሥሪያ ቤት የየራሱ ደብዳቤ ጻፉ። ከዚያ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ የሚመራ ደብዳቤ ተቀበሉ።
3. ደብዳቤው ላይ የአምስቱም ድርጅት ስም ይኑር። የመሪው ስም ብቻ ካለ የሌላው ድርጅት ሠራተኛ ቀበሌ ላይ «አንተ እዚህ የለህም» ይባላል።
4. መረጃ የሚሰበሰብበትን ጊዜ ወደፊት በሁለት ሳምንት አስፍታችሁ ጻፉ።
5. ለእያንዳንዱ መኪና ኮፒ አስቀምጡ። የስልክ ፎቶ ላይ ያለ ማኅተም የማይቀበል ኬላ አለ።

ግጭት የነካው አካባቢ ከሆነ ሁለቱንም ወገን በአንድ ሳምንት ውስጥ አሳውቁ። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ወደ አንድ ሚሊዮን የተጠጋ ሕዝብ ሲፈናቀል ችግሩ አንድ፣ አስተዳደሩ ግን ሁለት ክልል ነበር። ዛሬም ከጌዴኦ በኩል ገደብ ወረዳን አይታችሁ ከምዕራብ ጉጂ በኩል ቀርጫ ወረዳን ከተዋችሁት ግኝታችሁ የወገነ ይመስላል፤ ቢመስልም አይፈረድም።

ደረጃ 5፦ መስክ ከመውጣት በፊት ወረቀት

እያንዳንዱ ድርጅት አንድ ዓይነት ሠንጠረዥ ይሙላ፦ ቀበሌ፣ ወር፣ የዕርዳታው ዓይነት፣ መጠን፣ የቤተሰብ ብዛት። ከዚያ ቁጥሮቹን አትደምሩ! መጀመሪያ ሦስት ወጥመድ አጽዱ።

የዘመን አቆጣጠር። ወረዳው ከሐምሌ እስከ ሰኔ ይዘግባል፣ ድርጅቱ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር። ሁሉንም ወደ ወር አውርዱና በአንዱ አቆጣጠር አስቀምጡ።

የቤተሰብ ቁጥር። አንዱ ድርጅት ቤተሰብን በ5 ሌላው በ6 ያባዛል። 4,000 ቤተሰብ ለአንዱ 20,000 ሰው፣ ለሌላው 24,000 ሰው ነው። ወደ ቤተሰብ መልሷቸው፣ በቤተሰብ ሥሩ።

መደራረብ። አንድ ቤተሰብ ከአንዱ ብርድ ልብስ፣ ከሌላው ጥሬ ገንዘብ፣ ከሦስተኛው የውኃ ማከሚያ ከወሰደ በሦስት ሪፖርት ላይ ሦስት ጊዜ አለ። መደራረቡን ለማወቅ ብላችሁ ግን የተረጂዎችን ስም ዝርዝር በኢሜይል እንዳትለዋወጡ። አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለ ግል መረጃ ጥበቃ ወጥቷል፣ ባይወጣም የተፈናቃይ ስምና ስልክ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ነገር አይደለም። በቀበሌና በዕርዳታ ዓይነት አወዳድሩ፣ ቀሪውን በቤት ለቤት መጠይቁ ታገኙታላችሁ።

ሲበላሽ፦ የፕሮጀክቱ ሠራተኛ ሥራ ለቆ ፋይሉ ከጠፋ፣ የመጋዘን ማውጫ ደረሰኞችንና ለወረዳው የገቡ የሩብ ዓመት ሪፖርቶችን ጠይቁ። ኤክሴሉ ቢጠፋም ደረሰኙ ፋይናንስ ክፍል አለ።

ደረጃ 6፦ ገምጋሚዎቹ

የቡድኑ መሪ ከውጭ የተቀጠረ አማካሪ ይሁን፣ አባላቱ ከድርጅቶቹ። የአንዱ ድርጅት ሠራተኛ የራሱን ቀበሌ አይገምግም፤ ወደሌላው ድርጅት ቀበሌ ይሂድ። ከሦስት አባል አንዷ ቢያንስ ሴት ትሁን፣ የሴቶችን የቡድን ውይይት ሴት ትምራው። ለአማካሪው የመጨረሻውን 40 በመቶ ክፍያ የተጣራ መረጃውን ጨምሮ ሁሉን እስኪያስረክብ ያዙ።

ደረጃ 7፦ መጠይቅ፣ ቋንቋና ናሙና

መጠይቁ በአማርኛ ተጽፎ መስክ ላይ «እንደ አመቺነቱ» አይተረጎም። መረጃ ሰብሳቢው በየቤቱ የተለያየ ጥያቄ ይጠይቃል ማለት ነው። ሲዳምኛ፣ ጌዴኦኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ የሚያስፈልገው ሁሉ አስቀድሞ ይተርጎም፤ መጠይቁን ያላየ ሌላ ሰው መልሶ ወደ አማርኛ ያምጣው፣ ልዩነቱን አርሙ። ከዚያ ኮቦ (በስልክና በታብሌት መረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ) ላይ ጫኑና ለናሙና ባልተመረጠ ቀበሌ ሞክሩት። ከ40 ደቂቃ በላይ ከወሰደ ቁረጡ።

ሰው ዕርዳታን በድርጅት ስም አያስታውስም። «ከእገሌ ድርጅት ምን አገኛችሁ?» ብትሉ ሁሉም በአንዱ ታዋቂ ስም ይመልስላችኋል። ይልቅ የተከፋፈሉትን ዕቃዎች፣ ጀሪካኑን፣ ሸራውን፣ ሳሙናውን፣ በፎቶ ይዛችሁ ሂዱና «ይህን አግኝታችኋል? ስንት? መቼ?» በሉ። ወሩን ለማስታወስ በዓላትን ተጠቀሙ፦ ከመስቀል በፊት፣ ከፋሲካ በኋላ።

ናሙና ላይ 384 ቤተሰብ የሚለውን ቁጥር ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል። ይህ ቁጥር የሚሠራው ከጠቅላላው ሕዝብ በቀጥታ ዕጣ ስታወጡ፣ በ95 በመቶ መተማመኛና በ5 በመቶ የስህተት ህዳግ ነው። መጀመሪያ ቀበሌ መርጣችሁ ከቀበሌው ቤት የምትመርጡ ከሆነ የአንድ መንደር ሰዎች መልስ ስለሚመሳሰል እጥፍ ማድረግ የተለመደ ነው፣ 768። ወረዳን ከወረዳ እናወዳድር ካላችሁ ደግሞ ለየወረዳው በቂ ናሙና ያስፈልጋል። ገንዘቡ ከሌለ ማወዳደሩን ተዉ፣ ቁጥሩን አታሳንሱ።

የቀበሌ ሊቀመንበሩ «እነዚህን ቤቶች አናግሩ» ቢላችሁ አመስግኑና በዕጣ የወጣውን ሥሩ። ከዝርዝሩ ውጪ የቀሩትን፣ ዘመድ ቤት የተጠጉትን፣ አካል ጉዳተኞችን፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶችን ለይታችሁ አነጋግሩ። ተደራሽነት የሚለካው በእነርሱ ነው።

ደረጃ 8፦ የመስክ ቀናት

ወቅት ምረጡ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ጌዴኦና ሲዳማ ላይ ቡና ለቀማ ነው፣ ቀን ቤት የሚገኝ ሰው ጥቂት ነው። የሲዳማን ዘመን መለወጫ የፍቼ ጨምበላላን ቀን አያንቶዎች (ዘመን ቆጣሪ ሽማግሌዎች) ከዋክብት አይተው ስለሚቆርጡት የግድግዳ ካላንደር ላይ አትፈልጉት፣ ሰው ጠይቁ። የገበያ ቀንንም ከየቀበሌው አጣሩ። ነዳጅ ከሐዋሳ ሳትወጡ ሙሉ፤ ወረዳ ላይ አገኛለሁ ብሎ የወጣ ቡድን ከሦስት ቀን አንዱን ወረፋ ላይ ያሳልፋል።

በየምሽቱ ቡድኑ ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ። የዕለቱ መጠይቅ ተልኳል? የሚጋጭ መልስ አለ? አንድ ሰብሳቢ ያለማቋረጥ በ15 ደቂቃ የሚጨርስ ከሆነ በማግስቱ ከአስተባባሪው ጋር ይውጣ።

ማስጠንቀቂያ፦ ቃለ መጠይቅ ላይ «ዕርዳታ ለማግኘት ገንዘብ ተጠየቅን» ወይም ከዚያ የከፋ፣ ጾታዊ ብዝበዛ፣ ሊነሳ ይችላል። መረጃ ሰብሳቢው አይመርምር፣ ስም አያጣራ፣ በቡድን ስብሰባ ላይ አያውራ። ለተናጋሪዋ የአቤቱታ መስመሩንና በአካባቢው ያለውን የጤናና የሕግ አገልግሎት ይንገራት፤ እርሷን ሳያጋልጥ ጉዳዩን አስቀድሞ ለተሰየመው አንድ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ያድርስ። ይህ ሰው ማን እንደሆነ ስልጠናው ላይ ካልተነገራቸው መስክ አይውጡ። ግኝቱም በሪፖርቱ ውስጥ ቀበሌው እንዲታወቅ ሆኖ አይጻፍ።

ሲበላሽ፦ መንገድ ቢዘጋ ወይም ፀጥታው ቢደፈርስ፣ በራሳችሁ ፈቃድ ቅርብ ያለውን ቀበሌ አትተኩ። ከመነሻው በዕጣ የወጡ ሁለት ተጠባባቂ ቀበሌዎች ይኑሯችሁ። የተተካውንና ምክንያቱን ሪፖርቱ ላይ አስፍሩ።

ደረጃ 9፦ ግኝቱን መጀመሪያ ለባለቤቱ

ረቂቁ ከመጻፉ በፊት ዋና ዋና ግኝቶችን መረጃ ወደ ሰጡት ቀበሌዎች መልሱ። በአንድ ትልቅ ወረቀት፣ በአካባቢው ቋንቋ፣ አንድ ሰዓት። ሰዎቹ «ይህ እንኳ እንዲህ አይደለም» ይሏችኋል፣ የምታርሙት ያኔ ነው። ከዚያ የወረዳው ባለሙያዎች፣ ቀጥሎ የድርጅቶቹ ሠራተኞች፣ መጨረሻ ላይ ለጋሾች። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል የሚጀመር ማረጋገጫ ተቃራኒውን መንገድ ይሄዳል። እዚያ የተጨበጨበለት ግኝት ቀበሌ ላይ ቢወድቅ መልሶ የሚያነሳው የለም።

ደረጃ 10፦ ረቂቅና አስተያየት

እያንዳንዱ ድርጅት አንድ የተጠቃለለ አስተያየት ብቻ ይልካል። ከአንድ ድርጅት ሰባት ሰው የየራሱን ነጥብና ኮማ ቢልክ አማካሪው የትኛውን እንደሚሰማ አያውቅም። አስተያየቱን በሠንጠረዥ ተቀበሉና በሁለት ክፈሉት።

የሐቅ ስህተት ከሆነ (ቀን፣ ቁጥር፣ የቦታ ስም) ማስረጃው ይያያዝ፣ ይታረም። የሐሳብ ልዩነት ከሆነ ግኝቱ አይነካም፤ የድርጅቱ ተቃውሞ በግርጌ ማስታወሻ በራሱ ቃል ይግባ። «ይህ አገላለጽ ጠንከር ይላል» የሚለው አስተያየት ከሁለቱም አይደለም፣ ይታለፍ።

ሲበላሽ፦ አንድ ኃላፊ «ይህ ግኝት ከሪፖርቱ ካልተሰረዘ ስማችንን ሰርዙ» ቢል፣ የስምምነት ወረቀቱን ስለ መውጫ የሚለውን አንቀጽ አሳዩት። ስሙ ይሰረዛል፣ ግኝቱ ግን ሪፖርቱ ውስጥ ይቆያል።

ደረጃ 11፦ ከሪፖርቱ በኋላ

ምክረ ሐሳቡ ከአሥር አይብለጥ፣ እያንዳንዱም ባለቤትና ቀን ይኑረው። «ድርጅቶች ቅንጅታቸውን ያጠናክሩ» አይባልም። «ሦስቱ የውኃና ንጽህና ድርጅቶች እስከ ጥር መጨረሻ አንድ የተረጂ መምረጫ ቅጽ ይጠቀሙ» ይባላል። እያንዳንዱ ድርጅት በ30 ቀን ውስጥ ተቀብያለሁ፣ በከፊል ተቀብያለሁ ወይም አልተቀበልኩም ብሎ ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይመልስ። በስድስተኛው ወር ኮሚቴው አንድ ጊዜ ተሰብስቦ ሠንጠረዡን ይመልከት። የስብሰባውን ቀን አሁኑኑ ያዙ፤ አስተባባሪው እስከዚያ ሥራ ቀይሮ ሊሆን ስለሚችል ጥሪውን የሚልከው የመሪው ድርጅት ቢሮ እንጂ ሰው አይሁን።

ሁለት ገጽ ማጠቃለያ በአማርኛና መረጃው በተሰበሰበባቸው ቋንቋዎች አሳትሙና ለየወረዳው አድርሱ። ጥሬ መረጃው ስም፣ ስልክና የቤት አቅጣጫ ጠቋሚ (ጂፒኤስ) ቁጥሮች ወጥተውለት በመሪው ድርጅት ዘንድ ይቀመጥ። ስም ያለበት ቅጂ የሚጠፋበት ቀን በስምምነት ወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ አሁን ጻፉት፣ ከየታብሌቱና ከየሰብሳቢው ስልክም መጥፋቱን አንድ ሰው በፊርማ ያረጋግጥ።